ቁልፉ ውስጥ፣ ባለቤቱ ደጅ

ከገዛ ቤታቸው ደጅ ስለሚቀሩ ሰዎች፣ ስለ በር ከፋቾችና ስለ ጎረቤት፤ ከአርብ ገበያ እስከ አዲስ አበባ

አርብ ረፋድ ላይ የአርብ ገበያ ከተማ ገበያ ሲደራ፣ ከእህል ተራው አለፍ ብሎ ሸቀጥ ነጋዴዎች ሸራቸውን ዘርግተው በሚቀመጡበት መስመር ጓጉንቸር ይሸጣል። ባትሪ ድንጋይ፣ ምላጭ፣ መርፌ፣ ክብሪትና የፕላስቲክ ጫማ በተደረደረበት መሐል ጓጉንቸሮቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ በመጠናቸው ተሰልፈዋል። በእያንዳንዱ አንገት ላይ በቀጭን ሽቦ የታሰሩ ሁለት ወይም ሦስት ቁልፎች ተንጠልጥለዋል። ከስማዳ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ አንዱን አንስቶ በመዳፉ መዘነው፤ ከፈተው፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። ክብደቱ ደስ አለውና ገዛው። ከዚያም ሽቦውን ፈትቶ ሁለቱንም ቁልፎች በአንድ ክር አሰረና አንገቱ ላይ አጠለቀ።

ነጋዴው ይህን አይቶ ዝም አላለም። «አያ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጋቸው፤ አንዱን ለቤት ሰው ስጥ» አለው። ገበሬው «እሺ» ብሎ ሄደ። ክሩ ግን እንደታሰረ ነው። ያ ክር አንድ ቀን በግፊያ መሐል ሲበጠስ ሁለቱም ቁልፎች አብረው ይሄዳሉ።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ የአርብ ገበያ ነው። የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ወረዳውን በሰሜን ምዕራብ ላይ ጋይንት፣ በደቡብ ምዕራብ ስማዳ ያዋስኑታል፤ በደቡብ በኩል ከወሎ የሚለየው የበሽሎ ወንዝ ነው። አርብ አርብ ከየቀበሌው የሚጎርፈው ሰው ሲሸጥና ሲገዛ፣ ገንዘብ ሲቆጥር፣ እህል ሲያሰፍር፣ ከኪስና ከመቀነት የሚወድቀው ብዙ ነው። አርብ ማታ በየመንደሩ በተዘጋ በር ፊት ቆሞ ኪሱን የሚዳብስ ሰው አይጠፋም።

ነገሩን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ደርሶበታል ወይም በጎረቤቱ ሲደርስ አይቷል። ለዚህም ይመስላል ማንም እንደ ቁም ነገር የማያወራው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የሚገለጥ ትልቅ ጉዳይ አለ እላለሁ። ሰው ከቤቱ ደጅ ሲቀር ልብሱ፣ ምግቡ፣ መታወቂያው፣ የኪራይ ውሉ ሁሉ ከበሩ ወዲያ ነው። ቤቱ የእርሱ መሆኑን ሊያስረዳበት የሚችለው ማስረጃ በሙሉ ተቆልፎበታል። ያን ጊዜ «አዎ፣ የእርሱ ቤት ነው» የሚል ሰው ያስፈልገዋል።

ባዶ ቤት ያመጣው ብረት

በጋይንትና በእስቴ የገጠር ቤቶች ዋናው መዝጊያ ለረጅም ዘመን መወርወሪያ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ቤት አለ። ከውስጥ በኩል ከመቃን እስከ መቃን የሚጋደም ወፍራም እንጨት ነው። ሌሊት ቤተሰቡ ሲተኛ ይወረወራል፣ ንጋት ላይ ይነሳል። መወርወሪያ ከውጭ አይቆለፍም፤ ስለዚህ ማንንም ደጅ አያስቀርም። ደጅ የቀረ ሰው ካለ ውስጥ ያለው ሰው እንቅልፍ ጥሎት ነው፤ ጮክ ብሎ መጣራት በቂ ነው።

ቀን ላይም ቤቱ ባዶ አይሆንም ነበር። ሁሉም እርሻ ቢወርድ አያት ከምድጃው ዳር ትቀራለች፤ ሕፃን ይኖራል፤ ውሻው ደጃፍ ላይ ነው። ድንገት ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ቀን ከመጣ በሩ በገመድ ይታሰራል ወይም ከውጭ በግንድ ይደገፋል። ይህ ሌባን አያቆምም። ለመንደሩ ሰው ግን «ባለቤቶቹ የሉም» የሚል ምልክት ነው፤ መንደሩም ዓይኑን ይጥልበታል።

ጓጉንቸር የተስፋፋው ብቻውን የሚኖር ሰው ሲበዛ ነው። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው ከሌላ አገር ተመድበው ይመጣሉ፤ አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ጠዋት ሲወጡ በቤቱ ውስጥ የሚቀር ነፍስ የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተማሪዎች አሉ። ከሩቅ ቀበሌ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጡ ልጆች ሁለትና ሦስት ሆነው ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰብ ሄደው የሳምንቱን ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴም እንጀራ። ለእነዚህ ልጆች በሩ ላይ ያለው ጓጉንቸር የምግባቸው ቁልፍ ነው። አንዱ ልጅ ቁልፉን ይዞ ወደ ገጠር ከሄደና ሌሎቹ ቀድመው ከተመለሱ፣ ስንቃቸው ከበሩ ወዲያ እያለ ጾማቸውን ያድራሉ።

> ስንቃቸው ከበሩ ወዲያ እያለ ጾማቸውን ያድራሉ።

ጓጉንቸር አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ለመቆለፍ ቁልፍ አይፈልግም። ቀስቱን መጫን ይበቃል፤ «ጠቅ» ይልና አለቀ። ስለዚህ ሰው ደጅ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ሲቸኩል ነው። የለቅሶ ጩኸት ይሰማል፤ ሴትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች፣ በሩን ስባ ጓጉንቸሩን ትጫናለች፤ ቁልፉ ከሌማቱ ላይ ቀርቷል። ቀብር ተፈጽሞ፣ ዕድርተኛው ከድንኳን ተነስቶ፣ ወደ ቤት ስትመለስ ነው ትዝ የሚላት።

ሰረገላ ቁልፍ የተገጠመለት የቆርቆሮ በር ሌላ ጠባይ አለው። በራሱ የሚይዝ ምላስ ካለው ነፋስ ገፍቶ ይዘጋዋል፤ ሰውየው ውኃ ሊደፋ እንደወጣ በካልሲና በነጠላ ጫማ ደጅ ይቀራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የባሕር ዛፍ በር እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ምላሱና የመቃኑ ቀዳዳ አይገጣጠሙም፤ ቁልፉ በግድ ሲዞር እዚያው ውስጥ ይሰበራል። በዚህ ላይ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ያናድደኛል፤ ቁልፉ እንቢ ባለ ቁጥር ዘይት ወይም ጋዝ ያፈሱበታል። ዘይት ለሳምንት ያህል ይረዳል፤ ከዚያ የመንገዱን አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሠራል። የሚሻለው በየተማሪው ደብተር መሐል ያለው ነው፦ የእርሳስ ጫፍ ፈቅፍቆ ዱቄቱን በቁልፉ ጥርስ ላይ መቀባትና ደጋግሞ ማስገባት። የእርሳስ ዱቄት ያለሰልሳል፣ አቧራም አይሰበስብም።

ከጓጉንቸሩ ሆድ ውስጥ

በአርብ ገበያ ሸራ ላይ የሚሸጠው ጓጉንቸር በውስጡ ሲሊንደር አለው። በሲሊንደሩ ውስጥ በሞላ የሚገፉ ትንንሽ የነሐስ ዘንጎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ዘንግ ከመካከሉ ለሁለት የተቆረጠ ነው፣ መቁረጫው ግን በየዘንጉ ከፍታው ይለያያል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ዘንግ በሚፈለገው ልክ ያነሱታል፤ መቁረጫዎቹ ሁሉ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ ያኔ ሲሊንደሩ ይዞራል። አንዱ ዘንግ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አይዞርም።

አሠራሩ በእንጨት ሲሠራ የኖረ ነው፤ በጥንታዊት ግብጽ በእንጨት ዘንጎች የሚዘጋ መቆለፊያ ነበር። በብረትና በጠፍጣፋ ትንሽ ቁልፍ አድርጎ ዛሬ ወደምናውቀው መልክ ያመጣው አሜሪካዊው ላይነስ ዬል ጁኒየር ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል። ከእርሱ በፊት በለንደን የጆሴፍ ብራማ መቆለፊያ «አይከፈትም» ተብሎ በሱቅ መስኮት ላይ ለአሥርት ዓመታት ተሰቅሎ ነበር፤ ለሚከፍተውም 200 ጊኒ ሽልማት ተመድቧል። በ1851 ታላቁ የለንደን ኤግዚቢሽን ሲካሄድ አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ መጣና በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ሠርቶ ከፈተው።

ከዚያ ወዲህ ሠሪዎች ሁሉ የሚያውቁት ነገር አለ፤ መቆለፊያ ጊዜ ይገዛል እንጂ ለዘለዓለም አይዘጋም። በርካሽ የሚሸጠው ጓጉንቸር የሚገዛው ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነው። ዘንጎቹ በጥንቃቄ አልተሠሩም፣ ሞላው ይዝላል፤ የአንዱ ቁልፍ የሌላውን የሚከፍትበት አጋጣሚም አለ። ልምድ ያለው ሰው ብዙም ሳይቆይ ይከፍተዋል። በትንሽ ከተማ ግን ያን ያህል ልምድም አያስፈልግም፤ ምክንያቱን በሩ ላይ ማየት ይቻላል።

ሲሰበር የሚሰበረው

በአንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ፣ ምሽት ላይ፣ ቁልፏ የጠፋባት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በር እንዲከፈትላት አናጢ ተጠርቷል። አናጢው ጓጉንቸሩን እንኳ አልነካውም። በባትሪ መብራት መቃኑን አየ፤ ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበት የብረት ቀለበት በአራት ምስማር ብቻ ነው የተመታው፤ ሁለቱ ዝገው ላልተዋል። የካቻቢቴውን ጫፍ ከቀለበቱ ሥር ከተተና በመዶሻ እጀታ ደግፎ ቀስ ብሎ አነሳው። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ድምፅ አሰማ፤ አንዱ ምስማር ወጣ፣ ሌላው ተከተለ። በመጨረሻ ቀለበቱ ከነጓጉንቸሩ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው፤ አንድም ነገር አልሆነም። በሩ ግን ተከፍቷል።

ይህን ያየ ሰው ቤቱን ማን እንደሚጠብቀው ይገባዋል። ግቢው ውስጥ ሦስት ሌሎች ተከራዮች፣ አከራይዋ እማማና ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጠላ ሻጭ ቆመው እያዩ ነበር። አናጢው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ያደረገው ነገር አጭር ነው፤ ወደ አከራይዋ ዞሮ «እማማ፣ የልጅቱ ክፍል ይቺ ናት?» አለ። «ናት፤ የእርሷ ናት፤ ከመስከረም ጀምሮ እዚህ ነው ያለች» አሉ። ያ ብቻ ነበር።

> «እማማ፣ የልጅቱ ክፍል ይቺ ናት?»

ልጅቱ አናጢው እስኪመጣ ድረስ ደጅ አልቆመችም። ጠላ ሻጯ «ነይ ግቢ፣ ምን ብርድ ላይ ያቆምሻል» ብላ ወስዳ፣ ከምድጃው ዳር አስቀምጣ፣ ቆሎ አቀረበችላት። በደጋው የጋይንት ምሽት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማታ በመንገድ መንቀሳቀስ በራሱ ሊያሰጋ ስለሚችል፣ ለአንዲት ወጣት ሴት በጨለማ ደጅ መቆምና ቁልፍ ፍለጋ ወደ ገበያው ቦታ መመለስ ቀላል ምርጫ አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለዚህ ነው።

ቤቱ የማን ነው?

ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ጥያቄው ይጠናል። በፒያሳና በመርካቶ የእግረኛ መንገድ ዳር፣ በእንጨት ሳጥን ላይ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን አስቀምጠው፣ ከጀርባቸው በመቶ የሚቆጠር ጥሬ ቁልፍ በሰሌዳ ላይ ሰቅለው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ከመቅረጽ በተጨማሪ የተቆለፈ በርም ይከፍታሉ። ከነዚህ አንዱን ስለ ሥራው ፈተና ስጠይቀው ስለ መሣሪያው አልነገረኝም። «የሚያስፈራኝ የሚጠራኝ ሰው ነው» አለ። አንድ ሰው ደውሎ «ቤቴ ተቆልፎብኛል» ሲለው ቤቱ የእርሱ መሆኑን በምን ያውቃል? የተጣሉ ባልና ሚስት ሊሆኑ ይችላሉ። ወንድማማቾች በውርስ የሚከራከሩበት ቤት ሊሆን ይችላል። ሌባም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደንብ አለው፤ ጎረቤት ወይም የግቢው ጥበቃ ካልመጣ መሣሪያውን አያወጣም። ከከፈተ በኋላም ባለቤቱ ገብቶ መታወቂያውን እስኪያሳየው ድረስ ደጃፉ ላይ ይቆማል።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 13 የሰው መኖሪያ ቤት እንዳይደፈር ይከለክላል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 መኖሪያ ቤትን ከግል ሕይወት መብት ጋር አያይዞ ይጠብቃል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 604 የሌላውን መኖሪያ መድፈርን ይቀጣል። እነዚህ ሁሉ የሚጠብቁት በቤቱ የሚኖረውን ሰው ነው፤ ተከራይም ቢሆን። አከራይ ተጣልቶ የተከራዩን በር በራሱ ጓጉንቸር ቢቆልፍ፣ ተከራዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ሁከት ይወገድልኝ» ማለት ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ለዚህ የሁለት ዓመት ጊዜ ይሰጠዋል። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው «ቤቱ በእጅህ ነበር ወይ?» ብሎ ነው። ለዚያም መልስ የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ ጎረቤቶች ናቸው።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን እዚህ ላይ ይቸገራል። በየብሎኩ ከሃያና ከሠላሳ በላይ ቤተሰብ እየኖረ፣ ደረጃ ላይ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የማይለዋወጥ ብዙ ነው። በሩ የብረት ነው፤ ቁልፉ ከውስጥ በኩል ተሰክቶ ከቀረ ከውጭ ሌላ ቁልፍ አይገባም። ደጅ የቀረችው ሴት የማን ቤት እንደሆነ የሚመሰክርላት ፈልጋ የጥበቃውን ቤት ታንኳኳለች፤ ጥበቃው ደግሞ ከተቀጠረ ወር አልሞላውም። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በዚህ ላይ ይረዳል የሚሉ አሉ፤ ቁጥሩ በስልክ ላይ ስላለ ካርዱ ውስጥ ቢቀርም ማንነትን ማሳየት ይቻላል። ትክክል ነው። ፋይዳ ግን ሰውየው ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ የዚያ በር ባለቤት ስለመሆኑ አይናገርም።

ወደ አሜሪካ የሄዱ ወገኖች የመጀመሪያ ወራት ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሩ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ አፓርታማ አለ። በራሱ የማይቆለፍ በር የለመደ ሰው ቆሻሻ ሊጥል ወጥቶ ኮሪደር ላይ ይቀራል። በር ከፋቹን መጥራት ውድ ነው። የሕንጻው ኃላፊ ትርፍ ቁልፍ ቢኖረውም ስሙ በውሉ ላይ ላልተጻፈ ሰው አይከፍትም፤ ከዘመድ ቤት ያረፈ እንግዳ ደግሞ ስሙ የትም አልተጻፈም።

ሁለተኛው ቁልፍ የት ይደር?

ወደ ጋይንት ልመለስ፤ ቁልፍ በማን እጅ ይደር ለሚለው ጥያቄ እዚያ የቆየ መልስ አለና። የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ በገበዙ እጅ ነው። ሌሊት ዲያቆናቱ ለሰዓታት ሲመጡ በሩን የሚከፍት እርሱ ነው፤ ታምሞ ቢቀር ማን እንደሚተካው ይታወቃል። የዕቃ ቤቱ ደግሞ ይለያል፤ በብዙ አጥቢያ ከአንድ በላይ ቁልፍ አለው፣ ቁልፎቹም በተለያዩ ሰዎች እጅ ናቸው፤ ሁሉም ካልተገኙ አይከፈትም። ይህ አለመተማመን ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን አደራን ለብዙ ሰው የማካፈል ጥበብ ነው። በዚያው በጋይንት፣ የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተልሔም፣ የአብነት ተማሪው ጎጆ ጓጉንቸር የለውም። ያለችው አኩፋዳና የሚደግማት መጽሐፍ ናት፤ ጎረቤቱም ባልንጀራው ነው።

ከተሜው ግን ጓጉንቸሩን ሊጥለው አይችልም፤ ሁለተኛዋን ቁልፍ የሚያሳድርበት ቦታ መምረጥ አለበት። ከጉበን በላይ፣ ከድንጋይ ሥር፣ ከጣሪያው ክፈፍ ውስጥ መሸጎጥ የተለመደ ነው። ይህን የማያውቅ ሌባ የለም፤ መጀመሪያ የሚዳብሰውም እዚያ ነው። በቦርሳ ውስጥ ሌላ ቁልፍ መያዝ ደግሞ ቦርሳው ሲጠፋ ሁለቱንም ማጣት ነው። ጥሩ መላ ብዬ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ በቅርብ ባለ ሰው ቤት ማስቀመጥ።

የማን ቤት? እዚህ ላይ በአርብ ገበያ አሳብ ይከፈላል። አከራዮች «ትርፉ ቁልፍ ከእኔ ዘንድ ይሁን፤ እሳት ቢነሳ፣ ልጁ ታሞ ቢቆለፍበት እኔ ነኝ የምደርስ» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ውስጥ ሆኖ ቆልፎ ራሱን የሳተ ሰው በር ተሰብሮ የተረፈበት ጊዜ አለ። ሴት ተከራዮች ግን ይህን አይወዱም፤ በሌሉበት ማንም እንዲገባ አይፈልጉም፣ አንዳንዶቹም በቀድሞ ኪራይ ቤት ያልታሰበ ሰው ገብቶ አግኝተዋል። እኔ ከእነርሱ ጋር ነኝ። ቁልፉ ተከራዩ ራሱ በመረጠው ሰው እጅ መሆን አለበት፤ አከራዩም ያ ሰው ማን እንደሆነ ይወቅ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ስለ ትርፍ ቁልፍ አንድ መስመር ብትጨመርበት ውሉን ለሚጽፉት ሁለት ሰዎች ምንም አይከብዳቸውም።

ከተማዋ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር መምህርት ይህን ሳትጠብቅ አድርጋዋለች። ቁልፏን የሰጠችው ከሁለት ቤት በኋላ ላለች፣ ቀኑን ሙሉ ደጃፏ ላይ ጌሾ እያሰጣች ለምትውል ሴት ነው። ለምን እርሷን እንደመረጠች ስትጠየቅ ምክንያቷን በቅደም ተከተል ትናገራለች፦ ሴትየዋ ከቤቷ አትርቅም፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ቢጠይቃት ስልክ ሳትደውል አትሰጥም፤ ከሁሉም በላይ የመምህርቷ በር ከተቀመጠችበት ቦታ ፊት ለፊት ይታያታል። በምላሹ መምህርቷ የሴትየዋን ትንሽ ልጅ ማታ ማታ ሂሳብ ታስጠናለች፤ የእነርሱም ትርፍ ቁልፍ በመምህርቷ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበት።